ሙታን የዳኑበት ጥናት

ሆስፒታላችን ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ብዙ አልነበረም። ሐኪሙም ዘበኛውም በሽተኛውም «እትዬ ካርድ» ነበር የሚላት። ካርድ ክፍል የተቀጠረችው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲጀመር አርባ አንድ ሞልቷት ነበር። እኔ ከሷ ብዙ ዓመት ዘግይቼ ገባሁና ከጎኗ ባለችው ወንበር ተቀመጥኩ። ዛሬም እዚያው ነኝ።

ሥራችን ለሚያየው ቀላል ነው። በመስኮቱ ቀዳዳ አንድ እጅ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ያቀብላል፤ እኛ ከመደርደሪያው ካርዱን አውጥተን ለሐኪሙ እንልካለን። ጉዱ ያለው ቁጥሩን የጣለ ሰው ሲመጣ ነው። «መቼ ነበር የመጡት?» ሲባል «ዝናብ የዘነበ ቀን» ይላል። እኔ ብሆን ሌላ ካርድ አውጣ ብዬ እሸኘዋለሁ። እሷ ግን ፊቱን ትክ ብላ ታየውና «ያኔ ክንድዎ በፋሻ ታስሮ አልነበር?» ትላለች። ሄዳም ይዛ ትመጣለች። ጽሑፏ ደግሞ የታተመ ይመስል ነበር። ሐኪሞቹ የራሳቸውን ጽሑፍ ማንበብ ሲያቅታቸው ወደ እሷ ይልኩ ነበር፤ እሷም ታነብላቸዋለች።

ባሏ ብየዳ ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከብረት ጋር ሲጮህ ስለሚውል ቤት ሲገባ ቃል አያወጣም። ልጅ አልወለዱም። ሰው ስለ ልጅ ከጠየቃት «አርባ ሺህ አሉኝ፤ ሁሉም በሽተኛ ሆኑብኝ እንጂ» ትላለች።

ከክፍላችን ጀርባ፣ ብርሃን በማይደርስበት ግድግዳ በኩል፣ አንድ ረጅም መደርደሪያ አለ። የሞተ ሰው ካርድ ወደዚያ ይሄዳል። በየሳምንቱ ከየክፍሉ የሟቾች ዝርዝር ይመጣልናል፤ ካርዶቹን እናወጣለን፣ ቀኑን እንጽፍባቸዋለን፣ ወደ ኋላ እንወስዳቸዋለን። ይህን ሥራ እሷ ለማንም አትሰጥም ነበር።

አንድ ዓመት፣ መንግሥት ለሕክምና ምርምር ገንዘብ መደበ ተባለ። ካንሰር በያዛቸው ሰዎች ላይ ስለሚመጣው የድብርት ሕመም ጥናት ለሚያቀርብ ነበር ውድድሩ። እውነቱን ልናገር፣ ሐሳቡ መልካም ነበር። ካንሰር ክፍል ያሉትን ሰዎች እኛ በየቀኑ እናያቸዋለን። ሐኪሙ ስለ ዕጢው ይጠይቃቸዋል፤ ነርሷ ደም ሥራቸውን ትፈልጋለች፤ ዘመድ በልተዋል ወይ ይላል። ልባቸው እንዴት እንዳደረ የሚጠይቃቸው የለም። ብዙዎቹም መድኃኒቱን መሃል ላይ ያቋርጡና ካርዳቸው አቧራ ይጠጣል።

ውድድሩን የኛው ፕሮፌሰር አሸነፉ። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡንና ንግግር አደረጉ። «ዕጢውን ስናክም ሰውየውን ረስተነዋል» አሉ። እትዬ ካርድ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ዓይኗን በመዳፏ ስትጠርግ አየኋት።

ጥናቱ እንዲህ ነበር። በሽተኞቹ ዘጠኝ ጥያቄ ይጠየቃሉ። እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ምግብ ይበላል ወይ፣ የሚያስደስት ነገር አለ ወይ፣ እያለ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ መልስ ከዜሮ እስከ ሦስት ቁጥር ይሰጣል። ድምራቸው ከፍ ያለ ሰዎች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሾቹ በየሳምንቱ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ይነጋገራሉ፣ ግማሾቹ እንደ ወትሮው ሕክምናቸውን ይከታተላሉ። ከስድስት ወር በኋላ ሁሉም እንደገና ይጠየቃሉ። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ መሞት ነው፤ ብሞት ይሻለኝ ነበር የሚል ሐሳብ ይመጣብዎታል ወይ ይላል። እዚህ ላይ ከዜሮ በላይ የመለሰ ሰው ዕጣ ሳይወጣለት በዚያው ቀን፣ በቀይ ወረቀት፣ ወደ ባለሙያው ይላካል ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። መንግሥት ገንዘቡን የሰጠው ይህን አንብቦ ነው።

ጠያቂ ሆና የተመረጠችው እሷ ናት። ጽሑፏ ይነበባል፤ በሽተኞቹም ያውቋታል። ሦስት ቀን ሥልጠና ሰጧት። «አታጽናኚ፣ አትምከሪ፣ አታልቅሺ» አሏት። ጥያቄውን ማንበብ፣ ቁጥሩን መክበብ ብቻ ነው ሥራሽ ተባለች። ከካርድ ክፍል ጠዋት ጠዋት ትወጣለች፤ ከሰዓት ትመለሳለች፤ የተሞሉትን መጠይቆች ከካርዶቹ ጋር የምታስቀምጠውም ራሷ ነበረች።

ልብስ ሰፊውን ያገኘችው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሃምሳ ያልሞላው፣ ቀጭን፣ የአንጀት ካንሰር የያዘው ሰው ነበር። መጠይቁን ገና ሳትዘረጋ ጋዋኗን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ይሄን ማን ሰፋው?»

«የመንግሥት ነው» አለችው።

«ያስታውቃል። አንዱ ትከሻ ወደ ሥራ ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ቤት።»

ሳቀች፤ መሳቅም በሥልጠናው አልተፈቀደም ነበር። ስምንቱን ጥያቄ እየቀለደ መለሰላት። ዘጠነኛውን ስታነብለት ግን ቀልዱን ተወ። ግሉኮሱ ሲንጠባጠብ ትንሽ አየና፣ «ይሄን ማን ያነበዋል?» አላት።

«ባለሙያ አለ። ዛሬውኑ ነው የምወስድዎት።»

«ሚስቴ ትሰማለች?»

«በጭራሽ አትሰማም። ቃሌ ነው።»

«እንግዲያ ሦስት በይ። በየቀኑ ነው። ጎንበስ ማለት ስለማልችል ጠዋት ጠዋት ካልሲዬን እሷ ናት የምታለብሰኝ። ያኔ ነው የሚመጣብኝ።»

ሦስትን ከበበች። ድምሩ ሃያ ሁለት መጣ። ቀዩን ወረቀት ጽፋ፣ ግሉኮሱ ሲያልቅ ሰውየውን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ለምክር አገልግሎት ወደተመደበው ወደ ሁለተኛ ፎቅ፣ ወደ ዐሥራ አራት ቁጥር ክፍል ወጣች። በሩ ተቆልፏል። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ጥጉ ተቀዶ ስለነበር አጮልቃ አየች። ፕላስቲካቸው ያልተነሳ የቆዳ ወንበሮች፣ በካርቶን ያለ ቴሌቪዥን፣ አንድ ፍሪጅ። ሰው የለም።

የጥናቱ አስተባባሪ ወጣት ሐኪም ነበር፤ ቢሮው እዚያው ኮሪደር ላይ ነው። «ቅጥሩ በሂደት ላይ ነው» አላት።

«ሰውየው እኮ ታች ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»

«ወረቀቱን ተዪልኝ።»

ተቀበላትና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። እሷ ወርዳ ልብስ ሰፊውን «ባለሙያው ዛሬ አልመጣም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ» አለችው። «የመጀመሪያዋ ውሸቴ ያቺ ናት» ብላኛለች በኋላ። ከዚያ በኋላማ መዋሸት ሥራዋ ሆነ። በሽተኛው ይነግራታል፤ እሷ ቁጥሩን ትከባለች፤ ቀዩ ወረቀት መሳቢያ ይገባል፤ «በሚቀጥለው» ትላለች። በሦስት ወር ውስጥ መሳቢያው አልዘጋ እስኪል ሞላ።

በአራተኛው ወር ፕሮፌሰሩ ዘንድ ገባች። ብርቱካን እየላጡ ነበር። ልጣጩን ሳይቆርጡ ባንድ ጥምዝ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና እንድትቀመጥ ጠቆሟት።

«ባለሙያው መቼ ነው የሚቀጠረው?» አለቻቸው።

«እህቴ፣ ሳይንስ በእንባ አይሠራም። መሃል ላይ ገብተን ሁሉንም ብንረዳ ቁጥሩ ይበላሻል።»

«ሁሉንም አላልኩም። ቀይ የተጻፈላቸውን ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ አለ።»

«ፕሮፖዛል ላይ ብዙ ነገር ይጻፋል። ገንዘብ ለማግኘት የሚጻፍ አለ፣ ለሥራ የሚጻፍ አለ። ይሄ ያንቺ ጉዳይ አይደለም፤ አንቺ ጥያቄሽን ጠይቂ።»

ይህን ሲሉ አንድ የብርቱካን ፍሬ ከአፋቸው አውጥተው ከፊታቸው በነበረ ወረቀት ጠርዝ ላይ አስቀመጡ። ፍሬው በምራቅ ተጣብቆ ቀረ። ወረቀቱን አየችው፤ የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ከትናንት በስቲያ ከአንዲት ጡቷ ከተቆረጠ ሴት የተቀበለችው መጠይቅ ነው። ወደ ካርድ ክፍል ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። «ምን ሆንሽ?» አልኳት። «ብርቱካን እየበሉ ነበር» አለች።

ልብስ ሰፊው መጠይቁን ከሞላ በኋላ ሁለት ጊዜ መጣና ቀረ። ሦስተኛ ቀጠሮውን ሲያሳልፍ አድራሻውን ከካርዱ ላይ ገልብጣ «አብረኸኝ ና» አለችኝ። ሄድን። ሁለት ክፍል ቤት ናት፤ የፊተኛዋ ሱቁ ነበረች። የስፌት መኪናው በአንሶላ ተሸፍኗል። ሚስቱ እጃችንን ይዛ፣ ከሆስፒታል ድረስ መጣችሁልኝ ብላ አመሰገነችን። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። እትዬ ካርድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«መድኃኒቱን ለምን ተዉት?» አለችው ቀስ ብላ።

ሚስቱ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ ጠብቆ ነው የተናገረው። «እትዬ፣ ጠየቅሽኝ። ነገርኩሽ። ከዚያስ?»

«እያስቀጠርን ነው…»

«ባትጠይቂኝ ይሻል ነበር። ሳልናገረው ችዬው ነበር የምኖረው። ለሰው ተናግሬው ምንም ሳይሆን ሲቀር፣ እንግዲያ ትክክል ነኝ ማለት ነው አልኩ።»

ከሄድንለት በአምስተኛው ሳምንት ሞተ። ሚስቱ ለሞት ማስረጃ ወረቀት ወደ መስኮታችን መጣች፤ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ካርዱ ላይ ቀኑን ጽፋ ወደ ኋላው መደርደሪያ የወሰደችው እትዬ ካርድ ናት። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ወራት ሄዱ። የስድስት ወሩ መጠይቆች ይደርሱን ጀመር፤ ይህን ሁለተኛውን ዙር አስተባባሪው ራሱ ነው የሚሞላው ተብሎ እሷን አልጠሯትም፤ የሷ ድርሻ ማስቀመጥ ብቻ ሆነ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወረቀቶቹን በቁጥር እየለየች ሳለ እጇ ቀጥ አለ።

«ይሄን ቁጥር አንብብልኝ» አለችኝ።

አነበብኩላት። ተነስታ ወደ ኋላ ሄደች፤ የልብስ ሰፊውን ካርድ ይዛ መጣችና ጎን ለጎን አኖረቻቸው። ቁጥሩ አንድ ነው። መጠይቁ የተሞላው ሰውየው ከሞተ ከሃያ ሦስት ቀን በኋላ ነው። «ስምንት ጊዜ የምክር አገልግሎት አግኝተዋል» ይላል። ዘጠነኛው ጥያቄ፣ ዜሮ። ድምር፣ ስድስት። ከታች ፊርማ አለ።

ሄዳ እጇን ታጠበች። ተመልሳ ወረቀቱን ነካችው። እንደገና ሄዳ ታጠበች።

«ሞቶ ተሻለው» አለች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ የያዘውን ሁሉ ይዞ ነበር፤ ያልነበረው የሚያነበው ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ በምሳ ሰዓት በሩን ዘግተን መጠይቆቹን ከኋላው መደርደሪያ ጋር አመሳከርን። ሠላሳ አንድ ሰው አገኘን። ሁሉም ሞተዋል፤ ሁሉም ከሞቱ በኋላ ተሽሏቸዋል። አንዲት ሴት በተጠየቀች በዘጠነኛው ቀን አርፋ ሳለ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ያለማቋረጥ ምክር ተከታትላለች። ሕያዋኑ ዝናብ ጣለ፣ ትራንስፖርት ጠፋ ብለው ይቀራሉ፤ ሙታኑ አንድ ቀን አልቀሩም። ጥናቱ ባማረ ውጤት እየሄደ ነበር።

አስተባባሪውን ደረጃ ላይ ያዘችው። ይክዳል ብላ ነበር፤ አልካደም። «እኔ ነኝ የሞላሁት» አላት፣ ስለ አየር ጠባይ የሚያወራ ይመስል። «ሁሉም በአንድ ቀለም እንዳይሆን ሦስት ዓይነት እስክሪብቶ ገዛሁ። ፕሮፌሰሩም ያውቃሉ፤ እኔ ባልሞላው ሌላ ሰው ይሞላዋል።»

«እናትህ ብትሆንስ?»

«እናቴንማ እዚህ አላሳክምም።»

ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ልክ እንደሱ ረጋ ብሎ ነበር፤ የሚዘገንነው ያ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፕሮፌሰሩን አንቱ ማለት ተወች። እኔም እስካሁን አንቱ ያልኩት ያን ጊዜ እንደዚያ እንለው ስለነበር ነው፤ ከዚህ በኋላ አልልም።

በዚያው ወር ገንዘቡን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ። አይተው ደስ ካላቸው ለሚቀጥለው ምዕራፍ ገንዘብ ይለቀቃል። ዐሥራ አራት ቁጥር በአንድ ቀን ተከፈተ። ፍሪጁ ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባ፤ የወንበሮቹ ፕላስቲክ ተገፈፈ፤ ግድግዳው ላይ የፀሐይ መውጫ ሥዕል ተሰቀለ፤ ጠረጴዛው ላይ የሶፍት ካርቶን ተቀመጠ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ስላልነበረ ከሒሳብ ክፍል ገንዘብ ያዧን አምጥተው ነጭ ጋዋን አለበሷት። እትዬ ካርድን ደግሞ «አንደበት ያላቸው ሦስት በሽተኞች ምረጪ» አሏት።

ጎብኚዎቹ በመጡበት ጠዋት የካርድ መጫኛውን ጋሪ አወጣችና ሠላሳ አንዱን ካርድ፣ በላያቸውም መጠይቆቹን ደረደረች። «አብረኸኝ ትገፋለህ?» አለችኝ።

«መስኮቱ ላይ ሰልፍ አለ» አልኳት።

ሰልፉን አየችው። አራት ሰው ነበር። «እሺ» አለችና ብቻዋን ወደ ሊፍቱ ገፋች።

ስለዚህ የሚቀጥለውን በዓይኔ አላየሁም፤ ከሷና ከገንዘብ ያዧ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። ጎብኚዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ስልኩን የማይለቅ ወፍራም የቡድን መሪ፣ መነጽር ያደረገች ሴት፣ እና አንድ እንቅልፍ የሚያዳፋው ሰው። ፕሮፌሰሩ ስለ ውጤቱ እያብራራ ነው። የጋሪው ጎማ ደፉ ላይ ተያዘ፤ ብትገፋ ብትጎትት አልገባ አለ። መሪው ቀና ብሎ «ሻይ ነው?» አለ።

«አይደለም» አለች። «የጥናቱ ተጠቃሚዎች ናቸው።»

ማንም አልገባውም። ጋሪውን በሩ ላይ ትታ አንድ ካርድና አንድ መጠይቅ ይዛ ገባች፤ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖረችና ሁለቱን ቀኖች በጣቷ አሳየች። «ይሄ የሞተበት ነው። ይሄ የዳነበት ነው።»

መሪው አጎንብሶ አየና ፊቱን አኮማተረ፤ ነገሩ ሳይሆን በነገሩ ምክንያት የሚዘገየው ጉዞ ያሳዘነው ይመስል ነበር። «ይሄ የውስጥ ጉዳይ ነው፤ በጽሑፍ ይቅረብ» አለ። መነጽር ያደረገችው ሴት ግን ተነስታ ወደ ጋሪው ሄደች፤ አንዱን አነበበች፣ ሌላውን አነበበች፣ አራተኛው ላይ ስትደርስ ነጭ ጋዋን ወደለበሰችው ዞረች። «ይህን ሰው ስምንት ጊዜ አነጋግረሽዋል ይላል። ታስታውሺዋለሽ?»

ገንዘብ ያዧ ጋዋኑን አወለቀችና ወንበሩ ላይ ጣለችው። «እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ የማውቀው ደረሰኝ ነው» አለች።

ፕሮፌሰሩ ያን ጊዜ ነው አፉን የከፈተው። በሐዘኔታ ድምፅ፣ ለጎብኚዎቹ፣ «ይቅርታ አድርጉልን። ይህች እህታችን ብዙ ጊዜ ከበሽተኞች ጋር ስለዋለች ተጎድታለች። ድብርት አለባት። ራሷ ሕክምና ያስፈልጋታል» አለ።

እትዬ ካርድ አየችው። «አለብኝ» አለች። «ካንተ ጥናት ነው የያዘኝ።»

ገንዘብ ያዧ እንደነገረችኝ ክፍሉ ጸጥ ያለው በዚህ ነው። ሠላሳ አንድ ሙታን ያላስደነገጡት ሰው ፕሮፌሰሩን «አንተ» ስትለው ሰምቶ ደነገጠ። እንቅልፋሙ ጎብኚ እንኳ ነቃ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰባት ወር ፈጀ። ሪፖርቱ «የአሠራር ክፍተቶች ታይተዋል» ይላል፤ ማን ምን እንዳደረገ አይልም። ሙታን የሚል ቃል የለበትም፤ «ክትትላቸው የተቋረጠ ተሳታፊዎች» ነው የሚላቸው። ድጋፉ ተሰረዘ፤ የተረፈው ገንዘብ ወደ መንግሥት ካዝና ተመለሰ። ፕሮፌሰሩ በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ ተባለ፤ ዓመት ሳይሞላው ሌሎች የሚያቀርቡትን ፕሮፖዛል መርምሮ ገንዘብ ይገባዋል አይገባውም የሚል ቦርድ ውስጥ አማካሪ ሆኖ ተሾመ። አስተባባሪው የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሄደ። የቆዳ ወንበሮቹ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገቡ። ገንዘብ ያዧ ብቻ ናት የተቀጣችው፤ ምድር ቤት ወዳለው ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሯት።

እትዬ ካርድን አላባረሯትም፤ ያ የከፋ ነበር። ከጥናቱ አበል ያገኙ የነበሩ ነርሶች ሰላምታ ነሷት። አንድ ጠዋት መስኮታችን ላይ በማርከር «እንጀራ ዘጊ» ተጽፎ አገኘን፤ ባሏ ከሥራ ቦታው ቤንዚን ይዞ መጥቶ፣ ቃል ሳይናገር፣ ፈግፍጎ አጠፋው።

እሷን ግን ያንገሸገሻት ይህ አልነበረም። «ሌባ ሲያዝ የተሰረቀው ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል ብዬ ነበር» አለችኝ። ጥናቱ ሲዘጋ እውነተኛ ባለሙያ ይመጣል ብላ አስባለች። ማንም አልመጣም። ካንሰር ክፍል ያሉት ሰዎች እንደ ድሮው ግሉኮሱን እያዩ ይቀመጣሉ። «ሁለት መቶ ሰው ደረቱን አስከፍቼ ሳልዘጋው ሄድኩ» ትል ነበር። ሌሎቹን ከምትጸየፈው ይበልጥ ራሷን ተጸይፋ ነበር፤ ይህን ማንም ሊነቅልላት አልቻለም።

አስተባባሪው ከመሄዱ በፊት ያደረገው አንድ ነገር ቢኖር መሳቢያውን ሳይቆልፍ መተው ነው። ቀዮቹን ወረቀቶች አወጣቻቸው። ስልሳ አራት ነበሩ፤ በሕይወት ያሉት ሠላሳ ስምንት። ቅዳሜ ቅዳሜ አድራሻቸውን ይዛ ትሄድ ጀመር። በዚህኛው አብሬያት ሄድኩ። በር ታንኳኳና ትቆማለች። «ያኔ የነገሩኝን ማንም አላነበበውም። ይደርሳል ብዬ ነበር፤ ዋሽቼዎታለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» ትላለች። አንዳንዱ በሩን ይዘጋብናል። አንዲት አሮጊት ሳቁብን፤ «አዪ ልጆቼ፣ እኔ እኮ ያኔውኑ አውቄዋለሁ» አሉ። አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ተሳደበ፣ ተሳደበና አለቀሰ፤ አጠገቡ ተቀመጠች፤ በሥልጠናው የተከለከለችውን ሁሉ አደረገች።

ከከተማው ሌላ ጫፍ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ አንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነበር። ለምናው ሐሙስ ከሰዓት እንዲያያቸው እሺ አለ። ዐሥራ አንድ ሰው ሄደ። ምን ያህል እንደጠቀማቸው አላውቅም፤ አልቆጠርንም።

በመጨረሻ የሄድነው ልብስ ሰፊው ቤት ነው። ስትፈራው ነበር። የፊተኛዋን ክፍል ሚስቱ አከራይታት ጫማ ጠጋኝ ገብቶባታል። እትዬ ካርድ የተደረገውን ነገረቻት፤ ክፍሉ ተቆልፎ እንደነበር፣ ወረቀቱ ከሞተ በኋላ እንደተሞላ። ሴትዮዋ አላቋረጠቻትም።

«ወረቀቱን ይዘሽዋል?» አለች።

ኮፒውን ሰጠቻት። ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው።

«ይሄ የሱ ፊርማ አይደለም። እሱ ሲፈርም መጨረሻ ላይ እንደ ክር ጠምዘዝ ያደርጋታል።» ትንሽ ቆየችና «ስድስት ጥሩ ነው መጥፎ?» አለች።

«ጥሩ ነው።»

«ደህና ነበርኩ ይላላ።» ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላት። «የመጀመሪያውስ? ለአንቺ የነገረሽስ?»

እትዬ ካርድ ኮፒውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እሱ የሱ ነው» አለች።

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየቻት፤ የገባት ይመስለኛል። ደግማ አልጠየቀችም። በር ድረስ ሸኘችን፤ አላመሰገነችንም። አለማመስገኗ ነገሩን ቀለል አደረገልኝ።

አምና ፕሮፌሰሩ ወደ ሆስፒታላችን መጣ። በመንግሥት ድጋፍ የተገዛ አዲስ የጨረር መሣሪያ ሊመረቅ ነው፤ እሱ የቦርዱ ተወካይ ነው። ሠራተኞቹ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ተሰለፍን። እየሳቀ፣ የእያንዳንዱን ሰው እጅ በሁለት እጁ እየያዘ፣ እየጨበጠ መጣ። እትዬ ካርድ ጋ ሲደርስ «እህቴ፣ እንዴት ነሽ?» ብሎ እጁን ዘረጋ። እሷ ሁለቱን እጆቿን ጋዋን ኪሷ ውስጥ ከትታ ቆመች። ፊቷን አላዞረችም፤ ዓይን ዓይኑን አየችው። እጁ ትንሽ አየር ላይ ቆየና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

የሚቀጥለው ሰው እኔ ነበርኩ። ጨበጥኩት። እጁ ለስላሳና ሞቃት ነው። «በርቱ» አለኝ፤ «እሺ» አልኩት። እሷ አይታኛለች፤ ስለዚህ ነገር እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ግን ያን ቀን ባሰብኩ ቁጥር ሄጄ እጄን እታጠባለሁ፤ የምጸየፈው እሱን ብቻ አይደለም።